ታክሱ የሚሠራው ዱቄቱ ጋ ነው

(በጃንዋሪ 2026 ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለአነስተኛ አምራቾች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ። ለንባብ እንዲመች በትንሹ ተቃንቷል።)

እንደምን አመሻችሁ! እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ። ቅዳሜ ሥራ ውላችሁ፣ ማታ ስለ ታክስ ልትሰሙ የመጣችሁ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናችሁ። ወይ ጠንቃቆች ናችሁ፣ ወይ ደብዳቤ ደርሷችኋል። ደብዳቤ የደረሳችሁ እጅ አታውጡ። በኋላ ቡና ስንጠጣ እንገናኛለን።

ባለፈው ዓመት ማርች ሲገባ አንዲት እናት ቢሮዬ መጡ። እንጀራ እየጋገሩ ለሱቆች የሚያከፋፍሉ ናቸው። በእጃቸው የጤፍ ከረጢት ይዘዋል። ጤፍ ያመጡልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረግፉት ደረሰኝ ነው። የዓመት ደረሰኝ፣ ዱቄት እንደለበሰ። «በል ልጄ፣ ይሄን ታክስ ሥራልኝ» አሉኝ። «እሺ እትዬ። ዲሴምበር 31 ማታ ስንት ከረጢት ጤፍ ነበርዎት?» አልኳቸው። እንደ ሞኝ አዩኝ። «ደግሞ እሱን ማን ይቆጥረዋል?»

እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለዚህ ጥያቄ ለማውራት ነው። እዚህ ያላችሁት እንጀራ ጋጋሪዎች ናችሁ፣ በርበሬና ሽሮ የምታዘጋጁ አላችሁ፣ ቡና የምትቆሉም አያለሁ። ሁላችሁም በአሜሪካ ሕግ አምራች ናችሁ። ዕቃ ገዝቶ ከሚሸጥ ሱቅና ኡበር ከሚነዳ ሰው የእናንተ ታክስ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቢሮ የሚሠራው ፎርም መሙላቱን ነው። ታክሱ ግን አስቀድሞ ዱቄቱ ጋ ተሠርቶ ያለቀ ነው።

ዛሬ የማወራው ኤስ ኮርፕ ስለሆኑ ድርጅቶች ነው። መጀመሪያ ኤስ ኮርፕ ምን እንደሆነ ልበል፣ በአጭሩ። «ኤስ» ስሞል ማለት የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። የታክስ ሕጉ ንዑስ ምዕራፍ ኤስ የሚባል ክፍል አለው፣ 1958 ላይ የገባ። ስሙ ከዚያ የመጣ ነው። ኤስ ኮርፕ የሚባል የተለየ የድርጅት ዓይነት የለም። ኮርፖሬሽን ወይም ኤልኤልሲ፣ ማለትም ባለቤቱን ከድርጅቱ ዕዳ የሚከልል ድርጅት፣ ታቋቁማላችሁ፣ ከዚያ በፎርም 2553 «እንደ ኤስ ቁጠሩን» ብላችሁ የፌዴራሉን ታክስ ሰብሳቢ አይአርኤስን ትጠይቃላችሁ። ዓመቱ በገባ በ2 ወር ከ15 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ያመለጠው ሰው በቂ ምክንያት ካለው እስከ 3 ዓመት ከ75 ቀን ድረስ የሚስተካከልበት መንገድ ስላለ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ።

ከተፈቀደ በኋላ ድርጅቱ ራሱ በአብዛኛው የፌዴራል የገቢ ታክስ አይከፍልም። ትርፉን ለባለአክሲዮኖች ያካፍላል፣ እያንዳንዱ በግል ታክሱ ላይ ይከፍላል። ድርጅቱ ግን ፎርም ያስገባል። 1120-ኤስ ይባላል። ጊዜው ማርች 15 ነው፣ እንደ ግል ታክሳችሁ ኤፕሪል አይደለም። ዘንድሮ 2026 ማርች 15 እሁድ ስለዋለ ሰኞ 16 ሆኗል። አንድ ቀን ተመርቆላችኋል።

«ድርጅቱ ታክስ ከሌለበት ቢዘገይ ምን አለበት?» የሚሉኝ አሉ። አለበት! ዘንድሮ ለሚገባው ፎርም ቅጣቱ በአንድ ባለአክሲዮን በወር 255 ዶላር ነው። ሁለት ባለአክሲዮን ካላችሁና ሦስት ወር ከዘገያችሁ 1,530 ዶላር። ከወሩ አንድ ቀን ብትነኩ ሙሉ ወር ይቆጠራል። እስከ 12 ወር ይሄዳል። ድርጅቱ አትርፎም ከስሮም ያው ነው። ካልደረሰላችሁ ፎርም 7004 ሙሉና እስከ ሴፕቴምበር 15 አራዝሙ። ቅጣት ከመጣባችሁም፣ ያለፉት ሦስት ዓመታት ንጹሕ ከነበሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ብላችሁ እንዲነሳላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ይከፍላል።

አሁን የኛን ሰው የሚነካ ነገር ላንሳ። የኤስ ኮርፕ ባለቤት ማን ሊሆን ይችላል? ቢበዛ 100 ባለአክሲዮን። ሌላ ኮርፖሬሽን ባለቤት መሆን አይችልም። የአሜሪካ ዜጋ ወይም የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ ሰውም አይችልም። አዲስ አበባ ያለው ወንድምህ 30,000 ዶላር ልኮልህ፣ አንተም በይሉኝታ «20 በመቶ የሱ ነው» ብለህ ከጻፍክ፣ በዚያን ቀን ኤስ ኮርፕህ አበቃ። ተራ ኮርፖሬሽን ሆነሃል። ድርጅቱ 21 በመቶ ይከፍላል፣ ትርፍ ስታወጣ ደግሞ አንተ ሁለተኛ ትከፍላለህ። ይሄ በአይአርኤስ ዘንድ ይቅርታ የሚጠየቅበት መንገድ አለው፣ ግን ረጅምና ውድ ነው።

ልብ በሉ፣ ጉዳዩ የት ትኖራለህ አይደለም። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ቦሌ ቁጭ ብሎ አክሲዮን መያዝ ይችላል። ግሪን ካርዱን መልሶ ጠቅልሎ አገሩ የገባ ባለአክሲዮን ግን ችግር ነው። ወንድም መርዳት ከፈለገ ብድር ይሁን። በጽሑፍ፣ በወለድ፣ የመመለሻ ቀን ያለው። ወለዱን ስትከፍሉትም ከዚያ ላይ የአሜሪካ ታክስ መቀነስ ሊኖርባችሁ ስለሚችል ገንዘቡ ሳይገባ ባለሙያ አማክሩ። «ወንድሜ እኮ ነው» የሚለው ቃል ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም።

በነገራችን ላይ 100 ባለአክሲዮን ሲባል ቤተሰብ እንደ አንድ ይቆጠራል። እስከ 6 ትውልድ ድረስ ከአንድ አያት የወረደ ሁሉ አንድ ባለአክሲዮን ነው ይላል ሕጉ። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ አሜሪካኖቹ ለታክስ ስድስት። በአንድ ቤት በለጥናቸው።

ወደ ዱቄቱ እንግባ።

አንድ ምናባዊ ድርጅት ልውሰድ። እህትና ወንድም ናቸው። እሷ 60፣ እሱ 40 በመቶ። እሷ ሌሊት ትጋግራለች፣ እሱ ገንዘብ አዋጥቷል እንጂ ሥራው ሌላ ነው። ሁለቱም የአሜሪካ ዜጎች። በዓመት 640,000 ዶላር ሸጡ። ይሄ ሽያጭ የሚባለው ሱቆቹ የመለሱት ተቀንሶ ነው። የእንጀራን ነገር ታውቁታላችሁ። ሱቁ ላይ አስቀምጠህ ትሄዳለህ፣ በሦስተኛው ቀን ያልተሸጠውን ትሰበስባለህ። ፎርሙ ለዚህ የራሱ መስመር አለው። ጠቅላላው ከላይ፣ የተመለሰው ከሥሩ። ሾፌራችሁ የመለሰውን ካልጻፈ ግን ያልሸጣችሁትን እንጀራ እንደሸጣችሁ ታክስ ትከፍሉበታላችሁ።

ከዚያ የተሸጠው ዕቃ ምን ፈጀ የሚለው ይመጣል። ፎርም 1125-ኤ ይባላል፣ አንድ ገጽ ነው። ለአምራች ግን ከዚያ ሁሉ ወረቀት ዋናው ይሄ ነው። ዓመቱ ሲጀምር መጋዘን ውስጥ ምን ያህል ዕቃ ነበር? 18,000 ዶላር እንበል። በዓመቱ የገዙት ጤፍ፣ ገብስና ሌላው 190,000። የጋጋሪዎቹ ደሞዝ 120,000። የምጣዱ መብራት፣ ላስቲኩና መሰሉ 52,000። ድምሩ 380,000 ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆማል። አላለቀም። በዓመቱ መጨረሻ መጋዘን የቀረው ስንት ነው? 30,000 ዶላር ቢሆን እሱ ይቀነሳል። ወጪው 350,000 ነው፣ ቀሪው 290,000።

ያን 30,000 ያልቆጠረ ሰው ትርፉን በ30,000 ዝቅ አድርጎ አስገባ ማለት ነው። «ታዲያ ተጠቀምኩ!» ይል ይሆናል። አልተጠቀመም። የዘንድሮው መጨረሻ የሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ነው። ዘንድሮ ዜሮ ብለህ ከጻፍክ በሚቀጥለው ዓመትም ከዜሮ ትጀምራለህ፣ ትርፍህ ዞሮ ይመጣብሃል። ደግሞ ከ600,000 ዶላር በላይ እንጀራ የሚሸጥ ድርጅት በዓመቱ መጨረሻ አንድ ከረጢት ጤፍ የለውም ብሎ ማን ያምናል? እኔ አላምንም። መርማሪውም አያምንም።

በተለይ የኛ ነገር ጊዜው ክፉ ነው። ዲሴምበር 31 የሚውለው የገና ጾም መጨረሻ ላይ ነው። ከሳምንት በኋላ ገና፣ ከዚያ ጥምቀት። ሁላችሁም ለበዓል ጤፍ የምትከምሩበት ሰሞን ነው። የፈረንጅ ዳቦ ቤት አዲሱን ዓመት ባዶ መጋዘን ይዞ ይቀበል ይሆናል። እናንተ ግን ከዓመቱ ሁሉ በላይ የሞላ መጋዘን ይዛችሁ ነው። ስለዚህ ቆጠራውን መዝለል ለእናንተ ከሌላው ይልቅ ብዙ ያዛባል።

ደስ የሚለው ነገር አለ። የሦስት ዓመት አማካይ ሽያጩ ለ2025 ከ31 ሚሊዮን ዶላር ያልበለጠ ድርጅት ቀለል ያለ መንገድ ተፈቅዶለታል። እዚህ ውስጥ ከ31 ሚሊዮን በላይ የሸጠ ካለ እራቱን ይጋብዘን። ቀለል ያለው መንገድ ምን ይላል? በቀረው ዕቃ ላይ የጥሬ ዕቃውን ዋጋ ብቻ ቁጠር። የጋጋሪዋን ጉልበት፣ የኪራዩን ድርሻ፣ የመብራቱን ድርሻ ከረጢት ላይ መለጠፍ አይጠበቅብህም። በፊት ትልልቅ ፋብሪካ የሚሠራው ዓይነት ስሌት ይጠየቅ ነበር። ከሌላ ዘዴ ወደዚህ ለመዛወር ግን ፎርም 3115 ያስፈልጋል፣ ዝም ብሎ አይዘለልም።

ስለተበላሸ እንጀራ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። «ሻገተብኝ፣ ጣልኩት፣ ላወራርደው?» የተጣለው እንጀራ ጤፉ ገና ሲገዛ ወጪ ውስጥ ገብቷል። መጨረሻ ቆጠራ ላይ ስለሌለ በራሱ ተወራርዷል። እንደገና ብትጽፉት ሁለት ጊዜ ቀነሳችሁ ማለት ነው። ቤታችሁ የወሰዳችሁትና የበላችሁት ግን የድርጅቱ ወጪ አይደለም፣ እሱ ይውጣ። አውቃለሁ፣ እንጀራ ጋጋሪ ቤት እንጀራ አይገዛም። ግምት ያዙና ጻፉት።

ወደ ማሽን ልለፍ። የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ማቡኪያ፣ ማቀዝቀዣ ክፍል፣ ማሸጊያ። እነዚህ በደንቡ በዓመታት ተከፋፍለው ነው የሚቀነሱት፣ የምግብ ማምረቻ ማሽን በአብዛኛው በ7 ዓመት። ሁለት አቋራጮች አሉ። አንዱ ክፍል 179 የሚባለው ነው፣ ለ2025 እስከ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ በአንድ ዓመት ያስቀንሳል። ሌላው ቦነስ የሚባለው ነው፣ ከማሽኑ ዋጋ የተወሰነውን መቶኛ በመጀመሪያው ዓመት ያስቀንሳል። ጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው ሕግ ቦነሱን ወደ 100 በመቶ መልሶታል። እዚህ ላይ ቀን አለ። ከጃንዋሪ 19፣ 2025 በኋላ የተገዛ ብቻ ነው። የተገዛበት ቀን የሚባለው ደግሞ ማሽኑ በር ላይ የወረደበት ቀን አይደለም፣ አስገዳጅ ውል የተፈረመበት ነው። ጃንዋሪ 10 ፈርመህ ኤፕሪል የደረሰልህ ማሽን 40 በመቶ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ውሉን ከደረሰኙ ጋር አምጡልኝ።

የሁለቱን ልዩነትም እወቁ። 179 ድርጅቱን ኪሳራ ውስጥ ሊከት አይችልም፣ ቦነስ ይችላል። ደግሞ ሁልጊዜ ሁሉንም ዘንድሮ መጨረስ ጥሩ አይደለም። ትርፋችሁ ትንሽ በሆነበት ዓመት 80,000 ዶላር ማሽን በአንዴ ብትቀንሱ፣ ትልቅ ትርፍ በሚመጣበት ዓመት ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። እኔ ብዙ ጊዜ ደንበኞቼን የምጨቃጨቀው በዚህ ነው። ዘንድሮ ዜሮ ማየት ይወዳሉ።

ያው ሕግ ለማምረቻ ሕንፃም አዲስ ነገር አምጥቷል። አምራች የሚሠራው ሕንፃ ሙሉ ዋጋው በአንዴ እንዲቀነስ ይፈቅዳል። ሕንፃ ልትሠሩ የምታስቡ ሰዎች ግን አንድ ዐረፍተ ነገር አንብቡ። ምግቡ የተዘጋጀበት ሕንፃና የሚሸጥበት ሱቅ አንድ ከሆኑ አይሆንም። ጓዳ ጋግራችሁ ፊት ለፊት በመስኮት የምትሸጡ ሁሉ ውጪ ናችሁ። ለተከራይ አምራች ሕንፃ የሚያከራይ ሰውም አያገኝም።

አሁን ወደሚያጣላን ነገር። የባለቤቷ ደሞዝ።

ኤስ ኮርፕ ለምን ተወደደ? ደሞዝ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር፣ ማለትም ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና፣ በአሠሪና በሠራተኛ ወገን ተደምሮ 15.3 በመቶ አለ። በትርፍ ክፍፍል ላይ ያ የለም። ስለዚህ ሰው ምን ያደርጋል? «ደሞዝ አልፈልግም፣ ሁሉም ትርፍ ይሁንልኝ» ይላል። ወዳጅም «አካውንታንቴ እንዲህ አድርግ አለኝ» ብሎ ይመክረዋል። አይሆንም። በድርጅቱ የምትሠራ ከሆነ ለሥራህ ተገቢ የሆነ ደሞዝ መጀመሪያ መውሰድ አለብህ።

አይዋ ውስጥ አንድ የሂሳብ ባለሙያ ነበር። ባለሙያ ነው እንግዲህ፣ እንደኔ ያለ። ለራሱ በዓመት 24,000 ዶላር ደሞዝ ቆርጦ ወደ 200,000 የሚጠጋ ክፍፍል ይወስድ ነበር። ፍርድ ቤት ተካሰሱ። ፍርድ ቤቱ ተገቢ ደሞዝህ 91,044 ዶላር ነው ብሎ ወሰነ፣ ይግባኝ ሰሚውም 2012 ላይ አጸናው። እዩ፣ ዜሮ እንኳ አልጻፈም። 24,000 ጽፎ ነው።

ለእንጀራ ጋጋሪ ስንት ነው ተገቢው? ሕጉ ቁጥር አይሰጥም። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ ነገ ብትታመሚ ይሄን ሁሉ የሚሠራልሽ ሰው ስንት ከፍለሽ ትቀጥሪያለሽ? ሌሊት የሚጋግር፣ ሂሳብ የሚይዝ፣ ከሱቆች ጋር የሚከራከር። ያ ነው ደሞዝሽ። የምናባዊዋ እህታችን 60,000 ወሰደች እንበል። ሽያጩ ከ500,000 ዶላር ስለሚበልጥ ፎርም 1125-ኢ ይሞላል። እሱ ደግሞ ከሰዓትሽ ስንት በመቶውን ለድርጅቱ እንደምታውይ ይጠይቃል። 100 በመቶ ብለሽ ጽፈሽ ከጎኑ ደሞዝ ዜሮ የሚል ካስገባሽ በራስሽ ላይ ከሰስሽ። ሌላም አለ። ዛሬ ደሞዙን ያሳነሰ ሰው ጡረታ ሲወጣ ሶሻል ሴኩሪቲው ያንሳል። ያኔ የሚያማርሩኝ ዛሬ «ዝቅ አድርገው» የሚሉኝ ሰዎች ናቸው።

የሚረዷችሁስ? እንጀራ የሚያጥፉት እናት፣ ቅዳሜ የሚያሽገው ልጅ። ሰዓታቸውን የምትወስኑት፣ ዕቃውን የምትሰጡት እናንተ ከሆናችሁ ሠራተኛ ናቸው። የሠራተኛ የደሞዝ ወረቀት፣ ደብሊው-2፣ ነው የሚሰጣቸው። በራሱ ለሚሠራ ሰው የሚሰጠው 1099 አይደለም፣ «በእጅ በእጅ»ም አይደለም። በእጅ የከፈላችሁት ቢያዝ ታክሱ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ከሠራተኛ ደሞዝ ላይ ቀንሳችሁ ያላስገባችሁት ገንዘብ ድርጅቱን አልፎ የግል ቤታችሁ ድረስ ይከተላችኋል። ኤልኤልሲ አያድናችሁም። ዘንድሮ ጃንዋሪ 31 ቅዳሜ ስለሆነ የደብሊው-2 ቀን ፌብሩዋሪ 2 ነው። ዛሬ ቤት ስትገቡ እዩት።

የጤና ኢንሹራንስም ለባለቤት የተለየ ነው። ድርጅቱ ከከፈለላችሁ ደብሊው-2 ላይ እንደ ደሞዝ ይደመር፣ ከዚያ በግል ታክሳችሁ ላይ ትቀንሱታላችሁ። ፔይሮል፣ የደሞዝ ሂሳቡን፣ የሚሠራላችሁን ሰው ዲሴምበር ላይ አስታውሱት፣ ካለፈ ማረም ጣጣ ነው።

እንቀጥል። 290,000 ነበርን። 60,000 ደሞዟ ወጣ፣ 48,000 ኪራይ፣ ሌላ ሌላው፣ ኢንሹራንሱ፣ የማድረሻ መኪናው፣ የማሽኑ እርጅና 72,000። ትርፍ 110,000 ዶላር ቀረ። ይሄ ኬ-1 በሚባል ወረቀት ለሁለት ይከፈላል። ለእህት 66,000፣ ለወንድም 44,000። በዚህ ላይ ሁለቱም እስከ 20 በመቶ የሚደርስ የቢዝነስ ገቢ ቅናሽ አላቸው። እህት እስከ 13,200 ከታክስ ነጻ ልታደርግ ትችላለች ማለት ነው።

ወንድም ኬ-1 ሲደርሰው ደወለልኝ እንበል። «44,000 አገኘሁ ይላል። እኔ እኮ አንድ ሳንቲም አልወሰድኩም!» እውነቱን ነው። ገንዘቡ የት ሄደ? ጤፍ ሆኖ ተከምሯል፣ የባንክ ዕዳ ተከፍሎበታል። ታክሱ ግን ድርሻህ ላይ ነው፣ ብትወስድም ባትወስድም። ለዚህ ነው ድርጅቱ ቢያንስ ለታክስ የሚበቃ ለሁለቱም ማውጣት ያለበት። ለሁለቱም አልኩ። በአክሲዮናቸው ልክ። ለእህት 6,000 ከወጣ ለወንድም 4,000 ይውጣ። ኤስ ኮርፕ አንድ ዓይነት አክሲዮን ብቻ ነው የሚፈቅደው። ደንባችሁ እኩል ከሆነ አንድ ጊዜ መዛባቱ ብቻ ኤስ ኮርፑን አያፈርሰውም፣ ግን ቶሎ ይስተካከል። በግል ታክሳችሁ ላይ ደግሞ ፎርም 7203 አለ፣ በድርጅቱ ውስጥ ስንት እንዳላችሁ የሚከታተል። ከዚያ በላይ ካወጣችሁ ታክስ ይመጣል።

አሁን እቁብ። ሳቃችሁን አየሁት! ከድርጅቱ አካውንት በየሳምንቱ 500 ዶላር ይወጣል። ምንድነው ስል «ልዩ ልዩ ወጪ» ይሉኛል። እቁብ ወጪ አይደለም። ገንዘብሽ ነው፣ ሌላ ሰው ጋ ተቀምጧል። እቁቡ የአንቺ የግል ከሆነ ድርጅቱ ያወጣው ለአንቺ የተሰጠ ክፍፍል ነው፣ ወንድምም ድርሻውን ይጠይቃል። ዕጣው ሲወጣልሽና ድርጅቱ ውስጥ ስታስገቢው ደግሞ ገቢ አይደለም፣ ሽያጭ ላይ እንዳይደመር። የእቁቡን ደብተር ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪ። አንድ ነገር አደራ። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ስታስገቢ ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል። ያድርግ! ምንም የለበትም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ዘጠኝ ዘጠኝ ሺህ እያሉ ከፋፍሎ ማስገባት ነው ወንጀሉ። ንጹሕ የእቁብ ገንዘብ ይዞ በዚህ ሰው አይያዝ።

እድርም የድርጅቱ ወጪ አይደለም። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ድርጅቱ የሰጠው ግን ይያዛል፣ ከድርጅቱ ትርፍ ላይ ግን አይቀነስም። በኬ-1 ለብቻው ተጽፎ ወደ ባለአክሲዮኖቹ የግል ታክስ ያልፋል። ደረሰኙ በድርጅቱ ስም ይሁን።

ስቴቶቹን በሩጫ ልለፍ፣ ሰዓቱ ሄዷል። ዲሲ ውስጥ የምትሠሩ፣ ዲሲ ኤስ ኮርፕ የሚባል ነገር አያውቅም። ዲ-20 በሚባል ፎርም ድርጅቱ ራሱ 8.25 በመቶ ይከፍላል፣ ባያተርፍም ቢያንስ 250 ዶላር፣ ሽያጩ ከአንድ ሚሊዮን ከበለጠ 1,000። ሜሪላንድ ያለ ድርጅት ባለአክሲዮኑ ሌላ ስቴት ከሆነ ስለሱ ታክስ ቀድሞ ይከፍላል። ሜሪላንዶች ኤፕሪል 15 የምታስገቡት ዓመታዊ ሪፖርት ለብቻው አለ፣ 300 ዶላር ነው፣ ከረሳችሁት ድርጅታችሁ ሊሰረዝ ይችላል። ቨርጂኒያ ደግሞ ከተማውና ካውንቲው የአምራች ማሽን ላይ የራሱ ታክስ አለው። ቅድም ያልኳችሁን ቦነስ ቨርጂኒያም ዲሲም አይቀበሉም፣ ስለዚህ የማሽን መዝገባችሁ ሁለት ዓይነት ይሆናል።

እነዚያ እናት ምን ሆኑ ትሉኝ ይሆናል። ያን ዓመት አራዘምን። የጤፍ አቅራቢውን ደረሰኝና የጃንዋሪውን ሽያጭ ይዘን ወደ ኋላ እየቆጠርን በግምት ሠራነው። ሁለት ሳምንት ፈጀብን፣ ሂሳቡንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። አልተደሰቱም።

ባለፈው ዲሴምበር 31፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ። እኔ ልጆቼ ጋ ቁጭ ብዬ ኒውዮርክ ላይ የሚወርደውን ኳስ እየጠበቅሁ ነው።

«ልጄ፣ መጋዘን ነኝ። ጤፉ 41 ከረጢት ነው። ጻፍከው?»

«ጻፍኩት እትዬ።»

«በርሜል ውስጥ የሚቦካውስ? ነገ የሚጋገረው።»

«ስንት ከረጢት ገባበት?»

«ስድስት።»

«እንግዲያው 47 ብለው ይያዙት።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከኋላቸው የማቀዝቀዣው ድምፅ ይሰማኛል።

«ውሃውስ?»

«ውሃው ይቅር እትዬ።»